ፓራውልትና ስኮርታ፦ በወሎ መንገድ የተፈተነ የብረት ሥራ ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከሚሴ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ እንዳገኘች ይነገራል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። በገበያ ቀን በመንገዱ ዳር የቆመ ሰው ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ከብት የጫኑ አይሱዙዎች፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ የጫኑ ባለተሳቢ መኪኖች ተራ በተራ ሲያልፉ ይመለከታል።

እነዚህን መኪኖች ልብ ብሎ ላያቸው ሰው ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ያልነበራቸውን ብረት ተሸክመዋል። ከፊት የተጠናከረ ፓራውልት፣ ከኋላ ወይም ከጎን ደግሞ ስኮርታ ጎማ የሚታሰርበት መያዣ ይታያል። ይህን ብረት የሠራው የውጭ አገር ፋብሪካ ሳይሆን በየከተማው መንገድ ዳር የሚሠራ በያጅ ነው።

ጉዳዩ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ምን ያገባቸዋል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። የማኅበር መኪና ጎማ ፈንድቶበት፣ ስኮርታውም አልወጣ ብሎ መንገድ ላይ ሲቆም የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም። የተጫነው ማዳበሪያ ይዘገያል፤ ማዳበሪያው ሲዘገይ የዘር ወቅት ያልፋል። በተቃራኒው ደግሞ ያለ ልክ የተሠራ ከባድ ብረት መኪናውን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የብረት ሥራ ከየት እንደመጣ፣ በዞኑ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረውና ዛሬ እንዴት መሠራት እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ቃላቱ ምን ይናገራሉ?

ጋራዥ ገብቶ የሠራተኞቹን ንግግር ላዳመጠ ሰው ታሪኩ ከቃላቱ ይጀምራል። ፓራውልት "ፓራኡርቲ" ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ግጭት መከላከያ ማለት ነው። ስኮርታ ደግሞ አጃቢ ወይም መጠባበቂያ ማለት ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻና ታርጋ ሁሉም የተወሰዱት ከዚያው ቋንቋ ነው። የባለሙያዎቹ ስም ሳይቀር ጣሊያንኛ ነው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ የመኪና አካል የሚያቃናው ባትላሜራ ይባላል።

ቃላቱ የገቡት መኪናው በገባበት መንገድ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ተጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ በጣም ብዙ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ በዚህ አቅጣጫ የታየው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ነው። የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ ከ1 ሺህ 500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ። ጣርማ በር ላይ የኢትዮጵያ ወገን መንገዱን ንዶት ስለነበር ያ ሁሉ መኪና ቆሞ መንገዱ እስኪጠገን መጠበቅ ግድ ሆነበት። ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። የመኪና ብዛት ብቻውን መንገድ እንደማይሆን ያን ጊዜም ታይቷል።

ወራሪው ኃይል በአምስቱ ዓመት ቆይታው ከአስመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውንና ከአሰብ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባውን መንገድ አሠራ። በእነዚህ መንገዶች ከተመላለሱት መኪኖች መካከል ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፊያት 634 ይገኝበታል። በአገሩ ሰው አፍ ስሙ ከቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኀዞች ተወስዶ "ትሬንታ ኳትሮ" ሆነ፤ ሠላሳ አራት ማለት ነው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም ሲወጣ ሁሉም ጣሊያን አልሄደም። ከቀሩት መካከል መካኒኮችና የጋራዥ ባለቤቶች ነበሩበት። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረዳትነት ገብተው ሙያውን በማየትና በመሥራት ተማሩ። የተማሩበት መጽሐፍ ስላልነበረ ቃሉን እንደሰሙት፣ ሥራውንም እንዳዩት ያዙት። የዛሬዎቹ የጋራዥ ቃላት የዚያ የአፍ ትምህርት ቅሪት ናቸው።

የአሰብ መንገድ ዘመን

ከነጻነት በኋላ ትልቁ ለውጥ የመጣው በመንገድ አስተዳደር ነው። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የዓለም ባንክ ብድር ለመንገድ ጥገና ዋለ። የአሰብ ወደብ ጭነት ወደ መሀል አገር የሚገባው በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ በከሚሴ ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ የአዋሽ–ተንዳሆ መንገድ በ1960ዎቹ ዓመታት እስኪሠራ ድረስ የዛሬው ዞን ሁለቱ ከተሞች ባቲና ከሚሴ የአንድ ትልቅ የወደብ መስመር ማረፊያዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

የዚያ ዘመን መኪና ንጉሥ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው ፊያት 682 ነው። "ኤን ትሬ" የተባለው ዓይነቱ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። ጣሊያኖችም መኪናውን "የአፍሪካ ንጉሥ" ይሉታል። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ አምቼ በሚል አጠራር የሚታወቀው የመኪና መገጣጠሚያ ተቋቁሞ የፊያት የጭነት መኪኖችን በአገር ውስጥ መገጣጠም ጀመረ።

መስመሩ ግን መኪናንም ሰውንም የሚፈትን ነበር። ከአሰብ የተነሳ መኪና በመጀመሪያ የአፋርን በረሃ ሙቀት ያገኛል። ሙቀትና ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲገናኙ ጎማ ይፈነዳል። ከዚያ ወደ ባቲ ዳገት ይወጣል፤ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ቦርከና ሸለቆ ይወርዳል። ከሚሴን፣ ካራቆሬን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ ደብረ ሲናና ጣርማ በር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ መውጣት ይጠብቀዋል። በ1953 ዓ.ም በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶችን ከማፍረሱም በላይ ይህንኑ አውራ ጎዳና ሰነጣጥቆት ነበር።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ስኮርታ ቅንጦት አይደለም። ጎሚስታ በሌለበት፣ ስልክ በሌለበት በረሃ መሀል ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ያለው አማራጭ የያዘው ጎማ ብቻ ነው። በመሆኑም ሾፌሮች አንድ ስኮርታ አይበቃንም ማለት ጀመሩ። ሁለተኛው ጎማ የት ይታሰር የሚለው ጥያቄ በያጁን ሥራ ፈጠረለት። ከጭነቱ ላይ ቢጫን ቦታ ይይዛል፣ ለመጫንና ለማውረድም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከሻንሲው ጋር የሚታሰር መያዣ መሥራት ግድ ሆነ። ፓራውልቱም በተመሳሳይ ምክንያት ተቀየረ። በቦርከና ሸለቆ የጨፋ ረግረግ ሣር ስለማይደርቅ በበጋ ወራት የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ግመልና ከብታቸውን ይዘው ይመጣሉ። መንጋ መንገድ በሚያቋርጥበት አካባቢ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር የራዲያተሩን ፊት በብረት ማጠር ፈለገ። ፓራውልትና ስኮርታ መያዣ የመጡት ከጌጥ ፍላጎት ሳይሆን ከችግር ነው።

የ1977 ድርቅና የመኪና ዋጋ

የጭነት መኪና የሰው ሕይወት መሆኑ በግልጽ የታየው በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ነው። ባቲ ላይ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የወሎ ገበሬዎችና የአፋር አርብቶ አደሮች እርዳታ ፍለጋ ወደዚያ ጎርፈዋል። ከውጭ የተላከው እህል አሰብ ወደብ ሲደርስ ትልቁ ችግር የእህል እጥረት መሆኑ ቀርቶ የማጓጓዣ እጥረት ሆነ። እህሉ ወደብ ላይ ተከምሮ እያለ ሰው በመጠለያ ውስጥ ሞቷል። መኪና ቢኖርም ጎማና መለዋወጫ ጠፍቶ የቆመው ብዙ ነበር።

በዚያው ዘመን በወሎ መንገዶች ላይ ዚልና ኡራል የተባሉት የሶቪየት ኅብረት መኪኖች፣ እንዲሁም ኢፋ የተባለው የምሥራቅ ጀርመን መኪና በብዛት ይታዩ ነበር። የብረት ሠራተኞች ከዚልና ከኡራል አንድ ትምህርት አግኝተዋል። እነዚህ መኪኖች ስኮርታቸውን የሚይዙት ከሻንሲው ሥር ሳይሆን ከጋቢናው ጀርባ ቀጥ አድርገው ነው። ፓራውልታቸውም በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ወፍራም ብረት ሆኖ መጎተቻ መንጠቆ አለው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ቢገባ ስኮርታው ከላይ ነው፤ መጎተት ቢያስፈልግም የሚጎተተው ከአጥንቱ ነው። የውትድርና መኪና ሆነው የተነደፉበት ምክንያት ይህን ጥቅም ሰጥቷቸዋል።

ከማረሻ እስከ ብየዳ

ስለ ብረት ሥራ ሲነሳ ከጋራዡ በፊት የነበረውን አንጥረኛ መርሳት አይገባም። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ዶማ ሠርቶ ለገበሬው ያቀረበው አንጥረኛ ነው። ነገር ግን ሙያው ይናቅ ነበር። አንጥረኛው "ቡዳ" እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለል ነበር። በማረሻው እየታረሰ፣ በማጭዱ እየታጨደ ሠሪው መገለሉ የቀድሞው ኅብረተሰብ ትልቅ በደል ነበር።

የጭነት መኪና መምጣት ለዚህ ሰው አዲስ ጥሬ ዕቃ አመጣለት። የተሰበረ ባሌስትራ ጠንካራና ስለት የሚይዝ ብረት ስለሆነ በእሳት ተግሎ ማረሻ፣ መጥረቢያና ማጭድ ይሆናል። ያረጀ ጎማ በረባሶ ጫማ ሆኖ የገበሬውን እግር ከእሾህ ይጠብቃል። የአሮጌ መኪና አክስልና ጎማ ደግሞ የጋሪ እግር ይሆናል። እንዲህ ሲታይ መኪናና እርሻ በዚህ አካባቢ የተገናኙት ጭነት በመጫን ብቻ አይደለም። አውራ ጎዳናው ላይ የተሰበረው ብረት ማሳ ውስጥ ገብቶ አርሷል።

ከ1983 ዓ.ም ለውጥ በኋላ የጭነት ትራንስፖርት ለግል ባለሀብቶች በሰፊው ሲከፈት የጃፓኑ አይሱዙ በብዛት ገባ። አይሱዙ በገጠር መንገድ ገብቶ ከገበሬው ደጃፍ እህል ለማንሳት የሚያመች መካከለኛ መኪና በመሆኑ ትልልቆቹ ፊያቶች የማይደርሱበት ሁሉ ደረሰ። ከመኪናው ጋር ጥገናውም ወደ ታች ወረደ። ቀደም ሲል ለብየዳ ሥራ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ይኬድ ነበር። የኤሌክትሪክ ብየዳ በየከተማው ሲስፋፋ በር፣ መስኮትና የውኃ ታንከር ማስቀመጫ የሚሠራው ወጣት የመኪና ብረትም መሥራት ጀመረ። የሚፈልገውን አሮጌ ዕቃ ከመርካቶው ምናለሽ ተራና ከሶማሌ ተራ እስከ አካባቢው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ድረስ ያገኛል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ የተስፋፉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ብየዳን በትምህርት የሚያውቁ ልጆችን አፍርተዋል። በአባቶች ዘመን ያስነቅፍ የነበረው የብረት ሥራ ዛሬ ወጣቶች ተደራጅተው የሚተዳደሩበት ሙያ ሆኗል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አይሱዙን የመሳሰሉ መኪኖች ስኮርታቸውን የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ በኋላ በኩል ከሻንሲው ሥር በሰንሰለት አንጠልጥለው ነው። ይህ በአስፋልት ላይ መልካም ነው። በገጠር መንገድ ግን ጭቃና አቧራ የሰንሰለቱን ማውረጃ ይይዘዋል፣ ዝገትም ይቆልፈዋል። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ የኋላ ጎማው ሲፈነዳ ደግሞ ወደ መሬት ስለሚጎብጥ ከሥሩ ጎማ ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል። ባለቤቶች ስኮርታውን ከሥር አውጥተው ሌላ ቦታ ማሰር የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

በጥሩ በያጅ እጅ ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። ፓራውልቱ መያዝ ያለበት ከሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ነው እንጂ ከጋቢናው ወይም ከላሜራ አካሉ አይደለም። በያጁ በመጀመሪያ የሻንሲውን ስፋትና ፋብሪካው አስቀድሞ የበሳቸውን ቀዳዳዎች ይለካል። በቀዳዳዎቹ ልክ ሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች ቆርጦ በግራና በቀኝ የሻንሲው ጎን ላይ በቡሎን ያስራል። ቡሎኑ ተራ ሳይሆን ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት መሆን አለበት፤ ቁጥሩ የጥንካሬው መለያ ነው። ከዳዶው ሥር የማይላላ ሮንዴላ ይገባል።

የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳት ወይም በላዩ ላይ መበየድ የመኪና አምራቾች የሚከለክሉት ነገር ነው። የሻንሲው ኃይል ያለው በእነዚህ ከንፈሮች ላይ ስለሆነ በሙቀት የተነካው ወይም የተበሳው ቦታ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የሚታየው ደግሞ መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሳለ ነው። መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ መነቀል አለበት።

ቀጥሎ ፓራውልቱ ራሱ ይሠራል። ዋናው አካል የ"ዩ" ቅርጽ ካለው ብረት ወይም ከታጠፈ ላሜራ ይሆናል። ብዙ ሰው ወፍራም በሆነ ቁጥር ይሻላል ብሎ ያስባል። ነገር ግን 1 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ 31 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 47 ኪሎ፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ78 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጥንካሬ የሚገኘው ከውፍረት ብቻ ሳይሆን ከአስተጣጠፍም ነው። ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሲሆን በእጅ ይጎብጣል፣ ሸንተረር ሲወጣለት ግን ጣሪያ ይሸከማል። ላሜራም እንዲሁ ነው።

የስኮርታው መያዣ ከኋላ ሲሆን እንደ በር የሚከፈት ክንድ ያስፈልገዋል። አለዚያ የኋላ ስፖንዳውን ወይም በሩን ለመክፈት በየጊዜው ጎማ ማውረድ ሊኖር ነው። ክንዱ የሚዞርበት ማጠፊያ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ተራ የበር ማጠፊያ ይህን ክብደት አይችልም። ባለሙያዎች ወፍራም ፐርኖ በብረት ቱቦ ውስጥ አስገብተው፣ ከላይና ከታች ኩሽኔታ አድርገውለት፣ ግሪስ መቀቢያ ቀዳዳም ያወጡለታል። ፐርኖውንና ቱቦውን በልክ የሚያወጣው ቶርኖ ቤት ነው። ክንዱ ሲዘጋ የሚያርፍበት ትንሽ መደገፊያ መኖር አለበት፤ ክብደቱን ሁልጊዜ ማጠፊያው ብቻ ከተሸከመው ይጎብጣል። መቆለፊያውም ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዘዋል። በመጨረሻም የብየዳው ቆሻሻ ተወግዶ ፀረ-ዝገት ቀለም ይቀባል። ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ ካለ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይበጅለታል።

ልክ ያጣ ብረት

ከልምድ የተገኘው ጥበብ የራሱ ጉድለት አለው። ያ ጉድለት ሚዛን ነው። የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ከነቸርኬው ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ለምሳሌ ስኮርታውና መያዣው በድምሩ 120 ኪሎ ቢመዝኑና ከኋላው አክስል 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢንጠለጠሉ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀትም 4 ሜትር ቢሆን በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 120 ሳይሆን 180 ኪሎ ነው። የፊቱ አክስል ደግሞ 60 ኪሎ ይቀልለዋል። ገበሬው ይህን በቀንበር ያውቀዋል፤ ጭነቱ ከድጋፉ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይከብዳል። የፊት እግሩ የቀለለ መኪና መሪው ይቀላል፣ በዳገትና በጭቃ ላይ መንገዱን አይዝም። በተመሳሳይ ሁኔታ 160 ኪሎ የሚመዝን ፓራውልት ከፊተኛው አክስል 1 ሜትር ወደ ፊት ቢታሰር የፊቱ አክስል ላይ 200 ኪሎ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ባሌስትራው ሲሰበር፣ ጎማው ሲበላና ፐርኖው ሲላላ ሰው መንገዱን ይወቅሳል እንጂ ብረቱን አያስታውስም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰው ነው። ከሚሴ፣ ሰንበቴና ባቲ በገበያ ቀናቸው መንገዳቸው በሰውና በእንስሳት ይሞላል። ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ፣ ከሚሴ ሐሙስ እግረኛው አስፋልቱን ከመኪናው ጋር ይጋራል። ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ የወጣ ወይም ምንም የማይተጣጠፍ ብረት ከፊት የደቀነ መኪና በዝግታ እየሄደም ቢነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ለመኪናው መከላከያ የተሠራው ብረት ለእግረኛው አጥቂ መሆን የለበትም። ጫፎቹ መታጠፍና መለስለስ፣ ስፋቱም ከመኪናው አካል አለመውጣት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። በ2002 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ደንግጓል። የፊት መብራትን፣ ፍሬቻን፣ የኋላ መብራትን ወይም ታርጋን የሚሸፍን ብረት በምርመራ ጊዜ ያስጠይቃል። ከዚያም አልፎ ሌሊት ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር ያሳስታል። በመሆኑም በመኪና አካል ላይ ለውጥ ከማድረግ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተላለፈው ትምህርት

በ1991 ዓ.ም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው ግብዓት ማስገባትና ምርት ወደ ገበያ ማውጣት ችለዋል። አዋጁ በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ከ1990 ዓ.ም ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር በመዘጋቱ ማዳበሪያ የሚገባው በጅቡቲ ነው። ወደ ወሎ የሚመጣውም በሚሌና በባቲ በኩል፣ ያ ጥንታዊ የወደብ መስመር ባለፈበት ነው። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደርሶ ወደ ደቡብ ሲያልፍ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲቆም ምን እንደሚመጣ የዞኑ ሕዝብ በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ የማኅበር መኪና የሥራ አመራሩ ወይም የሾፌሩ ሳይሆን የእያንዳንዱ አባል እጣ የተዋጣበት ሀብት ነው። መኪናው ላይ የሚጨመር ብረትም በአባላት ገንዘብ የሚሠራ ነው። ከታሪኩም ከሙያውም የሚከተሉትን መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ "ያስፈልጋል ወይ?" የሚለው ነው። ሁልጊዜ በአስፋልት የሚሠራ መኪና ከሥሩ ያለውን የስኮርታ ማውረጃ በየወሩ አውርዶ፣ አጽድቶ፣ ግሪስ ቀብቶ መመለስ ሊበቃው ይችላል። የገጠር መንገድ የሚገባው ግን መያዣ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ለጭነት መኪና ከኋላ ከማንጠልጠል ይልቅ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ከጋቢናው ጀርባ ወይም ከሻንሲው ጎን ማሰር ሚዛን ይጠብቃል። ከኋላ የሚከፈተው ክንድ ይበልጥ የሚስማማው ቀለል ያለ ጎማ ላላቸው የመስክ መኪኖች ነው።

ሦስተኛ፣ ከበያጁ ጋር ውል ሲገባ የላሜራው ውፍረት፣ የቡሎኑ ዓይነትና ጠቅላላ ክብደቱ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሥራው ካለቀ በኋላ ብረቱ ከመታሰሩ በፊት በማኅበሩ የእህል ሚዛን ላይ ይመዘን። ሚዛን ያለው ማኅበር ይህን ለማድረግ ወጪ የለበትም።

አራተኛ፣ የተጨመረው ክብደት ከሚጫነው ጭነት ላይ ይቀነስ። 200 ኪሎ ብረት የተጨመረበት መኪና ሁለት ኩንታል አሳንሶ መጫን አለበት። ይህን አለማድረግ ራስን ማታለል ነው።

አምስተኛ፣ ከመጀመሪያው የመስክ ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ በሙሉ እንደገና ይጥበቁ። ከዚያም በኋላ ማጠፊያው፣ መቆለፊያውና ብየዳው በየጊዜው እየታየ በመኪናው መዝገብ ላይ ይመዝገብ።

ማጠቃለያ

ከትሬንታ ኳትሮ እስከ አይሱዙ ያለው ታሪክ እንደሚያሳየው በወሎ መንገድ ላይ ያለፈ መኪና ሁሉ በአገሬው እጅ ተጠግኗል፣ ተጠናክሯል፣ ሲያረጅም ማረሻ ሆኗል። ሙያው ያለ ትምህርት ቤት በዓይንና በእጅ ተላልፎ እዚህ ደርሷል። ዛሬ የጎደለው ድፍረት ወይም ብልሃት አይደለም፤ ልክ ነው። ልኩን ማስከበር የሚችለው ደግሞ ከፍሎ የሚያሠራው ነው። ማኅበር "ስንት ኪሎ ነው? ከየት ይታሰራል?" ብሎ ሲጠይቅ በያጁም ለክቶ መሥራት ይለምዳል።

አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። ስኮርታ ማለት ይህ ነው። ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት ታስቦ የታሰረ፣ በተፈለገ ጊዜ በአንድ ሰው ጉልበት የሚወርድ፣ መኪናውንም መንገደኛውንም የማይጎዳ። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ብረት በሰኔ ወር ጭቃ መሀል ዋጋውን ይከፍላል፤ ማዳበሪያው ከዘሩ ቀድሞ ከገበሬው ደጃፍ ይደርሳልና።